አርባ ሁለት ዓመት የዘገየ ለቅሶ

አጎቴ ተፈራ ሞገስ ከመርሳ ዝቅ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ስለ ኃጢአት የሚጠየቁ ሰው ናቸው። ቄስ አይደሉም፤ ዲያቆንም ሆነው አያውቁም። ገበሬ ናቸው፤ የሚያመርቱት ሽንኩርትና ማንጎ ነው። ግን ዛሬ መርፌ ይያዛል ወይ፣ እህል ይፈጫል ወይ፣ ልብስ ይታጠባል ወይ የሚል ጥያቄ ከተነሳ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚለፋ የለም። በአጥራቸው በኩል ጮክ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «አያ ተፈራ! ዛሬ ምንድን ነው?» ሲባሉ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ ቀኑን፣ የሚከለከለውን ሥራ፣ ከዚያም ያን ቀን ሽሮ መከራ ያየውን ሰው ስም ጭምር ይነግራሉ። ስም ካልተጠራ ትምህርቱ አይገባም ባይ ናቸው።

እኔ ሶስና እባላለሁ፤ የእህታቸው ልጅ ነኝ። መርሳ ላይ የዘርና የጸረ ተባይ መድኃኒት ሱቅ አለኝ። ስለ እሳቸው ስጽፍ ላመሰግን ብቻ ብሞክር እጄ እሺ አይለኝም፤ በልጅነቴ ያላስቀጡኝ ነገር የለምና። አንድ ጊዜ በማርያም ቀን ሹሩባ ተሠርቼ አገኙኝና እዚያው አስቀምጠው አስፈቱኝ። «ጋሼ፣ መፍታቱስ በማርያም ቀን ይፈቀዳል?» ብዬ ስጠይቃቸው መፍታቱን አስቆሙ። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ ሳይፈታ በነጋታው ትምህርት ቤት ሄድኩ።

በጦርነቱ ዓመት፣ ሰው ሁሉ ዕቃውን ጭኖ ሲሸሽ «ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፣ አህያ አይጫንም» ያሉ እሳቸው ናቸው። አህያዋን ባዶዋን አስቀድመው፣ ግማሽ ኩንታል ዱቄት በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው ተራራ ወጡ። አህያዋ እየዞረች ታያቸው ነበር።

ይህ ቀን አዋቂነታቸው ነው የውሃ አባት ያደረጋቸው። የውሃ አባት የመስኖውን ተራ የሚያደላድል ሰው ነው። ከወንዙ የሚወጣው ቦይ አንድ ነው፣ ማሳው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሳ በዘጠኝ ቀን አንዴ ውሃ ይደርሰዋል። ተራው በታቦት ቀን የዋለበት ክርስቲያን ውሃውን ለሙስሊም ጎረቤቱ ይለቃል። ጎረቤቱ በበኩሉ የዒድና የመውሊድ ተራውን ለክርስቲያኑ ይለቃል። ስምምነቱ ማንን የበለጠ እንደጠቀመ ለማወቅ የአያ አብዱልጀሊልን ማንጎ ማየት ነው። አያ አብዱልጀሊል የአጎቴ የድንበር ጎረቤት ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል። «እናንተ ታቦት ባበዛችሁ ቁጥር የኔ ማንጎ ይወፍራል፤ ምነው አንድ ሁለት ብትጨምሩ!» እያሉ አጎቴን ያበሽቃሉ።

አጎቴ ስንት ኃጢአት ሲመጣና ሲሄድ አይተዋል። ፎቶ መነሳት ኃጢአት የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ፤ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ከሥላሴ ሥዕል አጠገብ የተሰቀለው ሱፍ ኮት ለብሰው የተነሱት የራሳቸው ፎቶ ነው። ሴት ልጅ ብስክሌት ከነዳች ጉድ ፈላ የሚባልበትን ጊዜም ያስታውሳሉ። ዛሬ እኔ ሞተር ሳይክል እነዳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኋላዬ ተፈናጠው ሐራ ገበያ የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። በሄደው ኃጢአት ፋንታ ደግሞ አዲስ ይመጣል። አሁን በቅዳሴ ሰዓት ስልክ መነካካት ከሁሉ የከፋው ሆኗል። «ታዲያ ኃጢአት ጡረታ ይወጣል ማለት ነው?» ብዬ ስነካካቸው፣ «ሥራ ይቀይራል እንጂ ጡረታ አይወጣም» ይሉኛል።

በአቦ ቀን ግን ቀልድ የለም። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የሚውለውን አቦን አጎቴ ከፋሲካ ባላነሰ ያከብሩታል። ያን ቀን ክርስቲያን እንኳን የቦይ ውሃ ሊከፍት፣ በቦዩ ዳር ዶማ ይዞ ቢያልፍ ይገላመጣል።

ዘንድሮ ወንዙ ቀጠነ። ኅዳር ሳያልቅ ውሃው ቦዩን ግማሽ መሙላት አቃተው፤ ተራው በታቦት ቀን የዋለበት ሰው እንደ ድሮው «ለሚቀጥለው ይደርሰኛል» ብሎ የሚተወው አልሆነም። አቤቱታው ወደ ደብሩ ሄደ። ቄሳችን አባ ቢኒያም ወጣት ናቸው፤ ወልድያ ተምረው የመጡ፣ መጽሐፍ የሚያገላብጡ ሰው ናቸው። በታኅሣሥ ወር በአንዱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው እንዲህ አሉ።

«ወገኖቼ፣ እንድናከብራቸው የታዘዙት በዓላት የታወቁ ናቸው። በየወሩ በአቦ ቀን ማሳ ማጠጣት ኃጢአት አይደለም። ይህን የጨመርነው እኛው ነን። ጻድቁን በጸሎት አስቡ፣ ውሃውን ግን ልቀቁት።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሽንኩርቱ የጠወለገበት ወንድ ሁሉ ከሴቶቹ በላይ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። እኔ አጎቴን አየሁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዱላቸውን ተደግፈው በእርጋታ ተነሱ።

«አባ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኃጢአት ያልሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አባ ቢኒያም ፈገግ አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ አይደለም አያ ተፈራ። ድሮም አልነበረም።»

«ድሮም?»

«ድሮም።»

«በሰባ አራት ዓመተ ምሕረትም?»

«ኧረ ከዚያም በፊት!»

አጎቴ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰማችሁ? ሁላችሁም ሰምታችኋል?» አሉና ተቀመጡ።

ወጣቱ ቄስ ምን ውስጥ እንደገቡ አላወቁም። ሽማግሌዎቹ ግን አውቀዋል። የቅሬያችን ሰብሳቢ አቶ ፍቅሩ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ሞገስ በሰባ አራት ሚያዝያ አምስት ቀን ማሽላቸው ሲጠወልግባቸው የመስኖውን ውሃ ከፈቱ። አቦ መሆኑን ረስተው አይደለም። «አቦ የኔ ማሽላ ቢደርቅ ምን ይጠቅመዋል?» ብለው ነው። በሳምንቱ በረዶ ወረደና የአገሩን ሰብል አወደመ። የአያቴንም ማሽላ ጭምር አወደመ፤ ይህን ግን ማንም አልቆጠረላቸውም። «ሞገስ ቀን ሽሮ በረዶ አመጣብን» ተባለና ከቅሬ ተሰረዙ።

ቅሬ እኛ ወሎዎች ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል የምንቀባበርበት ማኅበር ነው። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ሲሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ ቀባሪ አይወጣለትም። አያቴ በዓመቱ ታመው ሞቱ። አስከሬናቸውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ናቸው፤ አጎቴ፣ ከሩቅ የመጡ ሁለት ዘመዶች፣ አያ አብዱልጀሊል። አያ አብዱልጀሊል መቆፈሪያቸውን ይዘው በመምጣታቸው ቅሬው አንድ በግ ቀጣቸው። የዚያን ጊዜ የቅሬው ሰብሳቢ የአቶ ፍቅሩ አባት ነበሩ።

አጎቴ ያን ቀን አላለቀሱም። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። እናቴ እንደምትለው ከመቃብር ተመልሰው ለቅሶ ደራሽ የሌለበት ቤት ገቡና ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። «አልቅስ» የሚልም «ይበቃሃል» የሚልም ሰው አልነበረም። እኛ አገር እንባ ብቻውን አይወጣም፤ ሰው ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ አጎቴ ማንም ጣቱን የማይቀስርባቸው ሰው ለመሆን ቆረጡ። ቀኑን ሁሉ በቃላቸው የያዙት፣ በበዓል ቀን ሹሩባ የሚያስፈቱት፣ አህያ ከመጫን ራሳቸው የሚጫኑት ከዚህ የተነሳ ነው። ይህ እስኪገባኝ ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ። በጣም አዝኜላቸዋለሁ። ስለ ሹሩባው ግን አሁንም ቅር ይለኛል።

በሚቀጥለው እሑድ ቅሬው ተሰብስቦ ሳለ አጎቴ ገቡና መሐል ቆሙ።

«አባቴ ሞቶብኛል፤ ለቅሶ ድረሱኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ ተያየ። አቶ ፍቅሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያ ተፈራ፣ አባትዎ እኮ ከሞቱ አርባ ሁለት ዓመታቸው ነው።»

«እናንተ ዘገያችሁ እንጂ እሱ በሰዓቱ ነው የሞተው።»

ከኋላ የነበሩት ወጣቶች ሳቁ። አቶ ፍቅሩ ግን አልሳቁም። ነገሩ የአባታቸው ስም ነው። «ይስሙኝ። በዚያን ጊዜ ኃጢአት ነበረ፤ አሁን አይደለም። ዘመን ተቀይሯል። አባቴ የፈረዱት በጊዜው በነበረው ሕግ ነው፤ ያጠፉት ነገር የለም።»

«እግዚአብሔርም ተቀይሯል?»

«ኧረ ይህን ማን አለ!»

«እንግዲያው በሰባ አራት ተቆጥቶ በረዶ ያወረደው፣ ዘንድሮ ደግሞ ውሃ ልቀቁ ያለው ማነው? ሁለት ናቸው?»

አያ አብዱልጀሊል ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሱ። «በኛም ቤት ያው ነው። ሬዲዮ ሐራም ነው ብለው ከቤቴ ያስወጡብኝ ሸህ ዛሬ በስልክ ትምህርት ይልኩልኛል። ወላሂ እኔን የሚያንገበግበኝ ሬዲዮው ነው፤ አዲስ ነበር!» አሉ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «ለቅሶውን ድረሱ። የኔን በግ ግን ተዉት፤ አንዴ በልታችሁታል።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ በእሳቸው ላይ የሆነባቸው አቶ ፍቅሩ ተናደው ብድግ አሉ።

«እሺ፣ ቅሬው አጥፍቷል እንበል። አንቱስ? የእልፍነሽን ውሃ የዘጋባት ማነው?»

ሳቁ ቆመ። እልፍነሽ ከቦዩ ጫፍ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የእኔ እኩያ ናት። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ባሏን ቀብራ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላት፣ ተራዋ በአቦ ቀን ዋለ። ሽንኩርቱ ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው፤ እሷም ከፈተችው። አጎቴ በገዛ ዶማቸው ዘጉባት። ደንባቸው ደግሞ ቀን የሻረ አንድ ዙር ይዘለላል ይላልና ዘለሏት። ከዚያ በኋላ ሌላ አሥራ ስምንት ቀን ውሃ ያላየ ሽንኩርት ምን እንደሚሆን ለእኔ ለዘር ሻጯ ማንም አይነግረኝም። ማሳው ገለባ ሆነ፤ ትልቋ ልጇም ትምህርቷን ትታ ወልድያ ምግብ ቤት ተቀጠረች።

አጎቴ ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀን መንገር አቆሙ። «አያ ተፈራ፣ ዛሬ ምንድን ነው?» ሲሏቸው «እኔ ምን አውቄ!» ይላሉ። መንደሩ ግራ ተጋባ። ሁለት ሴቶች በሚካኤል ቀን ልብስ አጥበው አሰጡ፤ አንዱ ደግሞ በተራ ማክሰኞ ፈርቶ ሥራ ፈትቶ ዋለ። ሊጠይቃቸው የሄደ ሰው ሁሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያገኛቸዋል። እኔም ብርቱካን ይዤ ሄድኩ።

«ሶስና» አሉኝ፣ ብርቱካኑን ሳያዩ፣ «ያልነበረ ኃጢአት ነው የቀጣሁት ማለት ነው?»

«ጋሼ፣ እርስዎም በጊዜው ኃጢአት ነው የተባለውን ነው ያደረጉት» አልኳቸው።

«ፍቅሩም ስለ አባቱ ያለው ይህንኑ ነው።»

ሳበሽቃቸው የኖርኩትን ሰው እንዲያ አንገታቸውን ደፍተው አየሁና ብርቱካኑን ልጬ ሰጠኋቸው፤ አብረን በላን።

ቅሬው በበኩሉ ተጨቃጭቆ ተጨቃጭቆ ተስማማ። አባ ቢኒያም የሆነውን ሲሰሙ ደንግጠው ሽማግሌዎቹን ስለለመኑ ነው መሰለኝ። ለቅሶው ጥር አምስት፣ በአቦ ቀን፣ በአጎቴ ደጃፍ እንዲሆን ተወሰነ።

እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ሰው ሞልቷል፤ ሟቹን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከድንኳኑ ግማሹ አያቴ ሲሞቱ አልተወለደም። ወጣቶቹ ፊታቸውን ሐዘንተኛ አስመስለው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ። አልቃሿ ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሰውየው ምን ዓይነት ነበሩ? ፈረሰኛ ነበሩ? ጀግና ነበሩ?» አለችኝ። አላውቅም። ወደ አያ አብዱልጀሊል ላክኳት። ትንሽ ተነጋገሩና ተመልሳ ድምጿን ለቀቀችው፤

«ማሽላው ተጠምቶ ውሃ ቢለቅለት፣
አገሩ ጨከነ፣ አራት ሰው ወጣለት።»

ወሬው ቀጥ አለ። የድንኳኑ ሰው በአንድ ጊዜ ሟች እንዳለው ትዝ ያለው መሰለ። አጎቴን አየኋቸው፤ ዓይናቸው ደረቅ ነው።

በዚያ መሐል አቶ ፍቅሩ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። በወጉ መሠረት የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ የተበደለው ድንጋዩን ከአንገቱ አንስቶ መሬት ካስቀመጠለት «አፉ ብያለሁ»፣ ይቅር ብያለሁ ማለት ነው። አቶ ፍቅሩ የመረጡት ድንጋይ ትንሽ አልነበረም። መናገር የጀመሩት እያለከለኩ ነው።

«አያ ተፈራ፣ ቅሬው አጥፍቷል። አባቴም አጥፍተዋል። ስለ እሳቸው ጎንበስ ብያለሁ። አፉ በሉን።»

አጎቴ ተነሱ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከአቶ ፍቅሩ አንገት አነሱት። መሬት ግን አላስቀመጡትም። የራሳቸው አንገት ላይ ጫኑትና ወደ ሴቶቹ ወገን መራመድ ጀመሩ። አቶ ፍቅሩ ባዶ አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ፤ ቀና ይበሉ አይበሉ የሚነግራቸው አጥተው።

እልፍነሽ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ንፍሮዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር። የመጣችው ለአያቴ አዝና አይመስለኝም፤ ከቅሬ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። አጎቴ ፊቷ ቆመው አጎነበሱ።

«እልፍነሽ፣ ያላጠፋሽውን ቀጥቼሻለሁ። አባቴን በቀጡበት ነገር ነው አንቺን የቀጣሁሽ፣ ያውም እያወቅሁ። ከአንቺ አፉ ሳላገኝ እኔ ለማንም አፉ ማለት አልችልም።»

እልፍነሽ ንፍሮዋን አላመጠች። ቸኩላ አልዋጠችም።

«ትንሽ ይቁሙ አያ ተፈራ» አለች። «ሽንኩርቴም አሥራ ስምንት ቀን ቆማ ጠብቃዎታለች።»

አንድም ሰው አልሳቀም። አጎቴ ቆሙ። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ላነሳላቸው ብድግ ስል አያ አብዱልጀሊል ነጠላዬን ጎተቱኝ። «ተይ፣ እሷ ታንሳው» አሉ። ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም፤ ለእኔ ረዘመብኝ።

በመጨረሻ እልፍነሽ የንፍሮውን ሳህን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ድንጋዩን አነሳችና መሬት ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ትከሻቸውን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው።

«አፉ ብያለሁ» አለች። «በሉ አሁን አባትዎን ያልቅሱ።»

አጎቴ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ «አባቴ!» አሉ፤ የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። እልፍነሽ ደረታቸውን እንዳይመቱ እጃቸውን ያዘች። እኔም አለቀስኩ፤ አልቃሿም የራሷን ሥራ ረስታ አለቀሰች፤ አያቴ ሲሞቱ ያልተወለዱትም ሁሉ አለቀሱ፤ አቶ ፍቅሩም እዚያው እንዳጎነበሱ።